ያልታየው የዳሌ ስብራት

ዳሌ ተሰበረ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የመኪና ወይም የሞተር ሳይክል አደጋን ነው። የወጣት ዳሌ እንዲሰበር ከባድ ኃይል ያስፈልጋል፤ ሲሰበርም ብዙ ደም ወደ ውስጥ ይፈሳል። የ75 ዓመት እናት ግን ከመደብ ሲነሱ ተንሸራተው በመቀመጫቸው ስላረፉ ብቻ ዳሌያቸው ሊሰበር ይችላል። አንዳንዴ ጨርሶ መውደቅም አያስፈልግም። እግር አያጥርም፣ እብጠትም ብዙም አይታይም። በብሽሽት፣ በወገብ ግርጌ ወይም በመቀመጫ በኩል ህመም አለ፤ መቆም ይከብዳል። ቤተሰቡ «ወገባቸው ነው፣ እርጅና ነው» ብሎ ያስተኛቸዋል። ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው ይህ መተኛት ነው። የሳንባ ምች፣ የደም መርጋት፣ የአልጋ ቁስልና የጡንቻ መሟሸሽ ተከታትለው ይመጣሉ።

ዳሌ ቀለበት ነው። ከፊት፣ ከብሽሽት በላይ፣ ቀጫጭን አጥንቶች ይገናኛሉ። ከኋላ ሳክረም የሚባለው የአከርካሪ የታችኛው ክፍል በሁለቱ ክንፎቹ የላይኛውን ሰውነት ክብደት ወደ እግሮች ያስተላልፋል። ከዕድሜ ጋር የክንፎቹ ውስጥ እየሳሳ ባዶ ወደ መሆን ይጠጋል። ጅማቶቹ በአብዛኛው ጸንተው ይቆያሉ፤ የሚለቀው አጥንቱ ነው።

በጀርመን ማይንዝ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ሮመንስና ሆፍማን የተባሉ ቀዶ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2013 ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 245 ታካሚዎችን መርምረው ያቀረቡት ምደባ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። በአንደኛው ደረጃ የተሰበረው የፊቱ ብቻ ነው። በሁለተኛው የኋላውም ተሰንጥቋል፣ ግን ከቦታው አልተንሸራተተም። በሦስተኛው በአንድ ወገን፣ በአራተኛው በሁለቱም ወገን ተንሸራቷል። ከታካሚዎቹ ከአምስቱ በአራቱ ላይ የኋላው ክፍልም ተጎድቶ ተገኝቷል። ይህ ቁጥር ለአገራችን ሐኪም ትልቅ ነገር ይነግረዋል። ራጅ የፊቱን ስብራት ያሳያል፤ የኋላው ግን በአንጀትና በአየር ጥላ ይሸፈናል። «ከፊት ትንሽ ተሰንጥቋል» ተብሎ ወደ ቤት የተመለሰ ሽማግሌ ከኋላም ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። እርግጡን የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። እሱ በአቅራቢያ ከሌለ ሐኪሙ ሳክረሙን በእጁ ተጭኖ ህመም መኖሩን ይፈትሽ፤ ጥርጣሬ ለመያዝ ይህም ይበቃል።

ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አኖ፣ እንደ ሌላውም የወለጋ ከተማ፣ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻን ነው። ለወጌሻ ያለው አክብሮት መሠረት የሌለው አይደለም፤ የወለቀ ክንድ ሲመልስ ትውልድ አይቶታል። ዳሌ ግን በቀርከሃ አይታሰርም፣ በማሸትም አይጠገንም። በዚያ ላይ የሚያልፉት ሳምንታት ታካሚው ከአልጋ ሳይነሣ የሚያልፉ ሳምንታት ናቸው።

ሁሉም ስብራት ቢላ አይፈልግም። አንደኛው ደረጃ በቂ የህመም ማስታገሻ ተሰጥቶት፣ ታካሚው በምርኩዝ ወይም በዎከር ቶሎ እንዲነሣ ተደርጎ ይድናል። በሁለተኛው ደረጃም መጀመሪያ ይኸው ሕክምና ይሞከራል፤ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ህመሙ አላስነሣ ካለ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ሦስተኛውና አራተኛው አብዛኛውን ጊዜ ብረት ይፈልጋሉ።

ብረቱን ማስገባት ግን ቀላል አይደለም። የተለመደው መንገድ ከጎን በትንሽ ቁስል 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ብሎን በዳሌው ክንፍ አሳልፎ ሳክረሙ ውስጥ መትከል ነው። ከብሎኑ መንገድ አጠገብ ወደ እግር የሚወርዱ ነርቮች አሉ፤ ስለዚህ ሲ-አርም የሚባለው በቀዶ ጥገና ወቅት ምስል የሚያሳይ መሣሪያ የግድ ነው። የሳሳ አጥንት ብሎን አጥብቆ አይዝም። ለዚህ ሐኪሞች ብሎኑን ወይም ረጅም ዘንግ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያሻግራሉ፤ ዘንጉ በሁለቱም ጫፍ ይታሰራል። አጥንት ሲሚንቶ ጨምረው ብሎኑን የሚያጠነክሩም አሉ፤ ሲሚንቶው ወደ ነርቭ መውጫ ከፈሰሰ ግን ሌላ ጉዳት ያመጣል። ዘንጉ የሚያልፍበት ቀጥተኛ መንገድ አንዳንድ ሰው ሲፈጠር ጀምሮ የለውም፤ ስለዚህ ቀድሞ በሲቲ ስካን መታየት አለበት። ሳክረሙ በሁለቱም ወገን ተሰብሮ ከአከርካሪው የተለየ ከሆነ ከታችኛው አከርካሪ እስከ ዳሌ የሚዘረጋ ከባድ ሥራ ይሠራል፤ በደከመ ሰውነት ላይ የደም መፍሰሱና ኢንፌክሽኑ ያሰጋል። ከውጭ የሚታሰረው ብረት ፈጣን ነው፤ ሆኖም በሳሳ አጥንት ቶሎ ይላላል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ለአረጋዊ የመጨረሻ አማራጭ ቢሆን ይሻላል።

እዚህ ላይ ከጭን አጥንት ስብራት ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሉዊስ ዘርክል የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1999 የመሠረቱት ሳይን የተባለ ድርጅት ሲ-አርም ሳያስፈልግ የሚገባ የጭን አጥንት ብረት ለድሃ አገሮች አቅርቧል፤ በጥቁር አንበሳና በሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ሲሠራበት ቆይቷል። ለዳሌ ግን ምስል ሳይታይ የሚሠራ እንዲህ ያለ አቋራጭ የለም። ሲቲ ስካን፣ ሲ-አርም፣ በዳሌ የሠለጠነ ቀዶ ሐኪምና ለአረጋዊ የተዘጋጀ የሰመመን አገልግሎት በአንድ ቦታ መገኘት አለባቸው። ይህ ጥምረት በዋናነት በአዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ባለው አቤት ሆስፒታል ዙሪያ ነው። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ባለፉት ዓመታት በወለጋ የነበረው ግጭትም መንገዱን ከርቀቱ በላይ አክብዶታል።

ስለዚህ የነቀምቴ ሆስፒታሎች ዋና ሥራ መለየት ነው ብዬ አምናለሁ። ህመሙን አስታግሶ የሚነሣውን እዚያው ማንሣት፣ የማይነሣውን ደግሞ ሳምንታት ሳይቆጥሩ ሪፈር ማድረግ። ቤተሰቡም ብረቱን ከውጭ ግዙ ሊባል እንደሚችል፣ የጤና መድህኑ ምን ድረስ እንደሚሸፍን ከመነሣቱ በፊት ይጠይቅ።

አንድ ጉዳይ በብዛት ይዘነጋል። በአገራችን የማኅፀን በር ካንሰር ብዙ ሴቶችን ይይዛል፤ የጨረር ሕክምናውም ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ብቻ ሲሰጥ ቆይቷል። ዳሌያቸው ጨረር ያገኘ እናቶች ከወራትና ከዓመታት በኋላ ሳክረማቸው ሊሰነጠቅ ይችላል። አዲስ ህመም ሲመጣ «ካንሰሩ ተመለሰ» ብሎ ተስፋ መቁረጥ ይቀናል። ሐኪሙ ስብራትንም ይፈልግ፤ አጥንት የሚያሳሳውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ በወሰዱትም እንዲሁ።

ብረት የገባለትም ያልገባለትም ታካሚ አጥንቱ እንደሳሳ ነው፤ ሁለተኛው ስብራት የጭን አንገት ላይ ሊሆን ይችላል። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ መሠረት ናቸው፤ በብዛት የሚታዘዘው መድኃኒት አሌንድሮኔት ነው። እሱም ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በብዙ ውኃ ተውጦ፣ ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቀጥ ብሎ መቀመጥን ወይም መቆምን ይጠይቃል፤ አለዚያ የምግብ ቧንቧን ያቆስላል። ከአልጋ ቀና ማለት ያልቻለ አረጋዊ ይህን መድኃኒት ሊወስድ አይችልም፤ ስለዚህ ማስታገሻውና ፊዚዮቴራፒው መድኃኒቱን ይቀድማሉ።