ኮምፒዩተሩ የማያውቀው ጥቅምት 30

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር ላይ በአንድ የውርስ ጉዳይ ምክንያት ቦንጋ ሄጄ ነበር። ማለዳ ያረፍኩበት ሆቴል በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣሁ ሳለ (ቦንጋ ላይ ሻይ ማዘዝ አልደፍርም፤ ምንም እንኳ ውሽውሽ ቅርብ ቢሆንም) አንድ መምህር ወደ እኔ መጡ። ‹‹ሕግ የተማሩ ነዎት ሲሉኝ ጊዜ ነው፤ ይችን ወረቀት ቢያዩልኝ›› ብለው የታጠፈ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ።

ልጃቸው ለአንድ የሥልጠና ዕድል በኢንተርኔት አመልክታ ነበር። የዕድሜ ጣሪያው 30 ነው፤ ልጅቷ ደግሞ 23 ዓመቷ። የመጣላት መልስ ግን ‹‹የዕድሜ ገደቡን አልፈዋል›› የሚል ነው። ኮምፒዩተሩ 31 ዓመት ሰጥቷታል።

የልደት ምስክር ወረቀቷን አየሁት። ጥቅምት 30 ቀን 1994 ዓ.ም. ይላል። ከዚያ ልጅቷን አስጠርተን የሞላችው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳት። ‹‹ጋሼ፣ እኔ 30/02/1994 ብዬ ነው የሰጠሁት። ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅ ግን ሳጥኑ አልቀበልም ሲለው 28 አድርጎ አለፈው›› አለችኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ግልጽ ሆነ። ጥቅምት ለእኛ ሁለተኛ ወር ነው፤ በፈረንጆቹ ግን ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን ኖሮት አያውቅም። ሳጥኑ የጠየቀው ‹‹የተወለዱበት ቀን›› ብቻ ነው፤ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አላለም። ልጁ 28 ብሎ ሲያልፈው ልጅቷ ከኖቬምበር 9 ቀን 2001 ተነስታ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1994 ላይ ተወለደች። በአንድ ቁልፍ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አረጀች ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ ስመለስ የኮምፒዩተር ባለሙያ የሆነውን የእህቴን ልጅ ያዝኩት። ያስረዳኝን እኔ በገባኝ መጠን ላካፍላችሁ።

አብዛኛው ኮምፒዩተርና ስልክ በውስጡ ቀንና ወር የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ከሆነበት ቅጽበት ጀምሮ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ይቆጥራል። በእኛ አነጋገር መቁጠር የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ይህ ቁጥር የማንም ሃይማኖትና የማንም አገር አይደለም። ወገን የሚለየው በማያ ገጹ ላይ ሲወጣና ከሰው ሲገባ ነው። ባለሙያዎቹ ‹ሎኬል› የሚሉት ነገር ሥራው ይኸው ነው፤ ቁጥሩን ወስዶ በተጠቃሚው ቋንቋ፣ አገርና ዘመን መቁጠሪያ ልክ ማውጣት።

እኛ የሕግ ሰዎች ይህንን በወረቀት ስንኖርበት ቆይተናል። ነጋሪት ጋዜጣን ያገላበጠ ሰው እንደሚያውቀው አንዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በአማርኛው 1156/2011፣ በእንግሊዝኛው 1156/2019 ነው። የቤተሰብ ሕጉም 213/1992 እና 213/2000 ይባላል። አዋጁ አንድ፣ መጠሪያው ሁለት። ችግር የሚመጣው አንዱን አምድ በሌላው ዓይን ስናነብ ነው፤ የመምህሩን ልጅ የገጠማትም ይኸው ነው።

እኔ እንደገመትኩት ቢሆን ኖሮ ፈረንጆቹ ረስተውናል ብዬ ምሬቴን ባወጣሁ ነበር። ግን አልረሱንም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። የዓለም ሶፍትዌሮች የሚቀዱበት የዩኒኮድ የሎኬል መዝገብም የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር በዓመተ ምሕረትም በዓመተ ዓለምም ያውቃል። ዛሬ ድረ ገጽ የሚሠራ ወጣት በአንድ መስመር ትእዛዝ የአሁኑን ቀን ‹‹ጥቅምት 30›› አድርጎ ማሳየት ይችላል። ነገር ግን መዝገቡ ለኢትዮጵያ ሁለት አቆጣጠሮችን ሲዘረዝር በቅድሚያ ያስቀመጠው የጎርጎርዮሱን ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ጸሐፊው ለይቶ ካልጠየቀ ቋንቋው አማርኛ ሆኖ ወሩ ‹‹ኖቬምበር›› ይሆናል።

ማሳየቱ ቀላል ከሆነ መቀበሉስ? እዚህ ላይ ነው ጉድለቱ። በድረ ገጽ ላይ ቀን የሚመረጥበት የተለመደው ሳጥን በጎርጎርዮስ ነው የሚያስበው። አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። ጳጉሜ ላይ የተወለደ ሰው ወይ መስከረም 1 ይሆናል ወይ ነሐሴ 30። የኤክሴል ሠንጠረዥ ደግሞ የባሰ ተንኮለኛ ነው። የእኛን ቀን ስትጽፉለት እንደ ቀን ሊረዳው የቻለውን ዝም ብሎ የፈረንጅ ቀን ያደርገዋል፤ ያልቻለውን እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ከአንድ አምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆንና በዕድሜ ደርድር ስትሉት የሚወጣው ዝርዝር ጉድ ነው።

‹‹ታዲያ ስምንት መቀነስ ነው›› የሚሉ አሉ። አይደለም። ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜ ማለቂያ ልዩነቱ ስምንት፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት ነው። መስከረም 1ም ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ አይውልም። ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት ከተረፈ ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜም ስድስት ትሆናለች። 2015 እንዲያ ነበር፤ ስለዚህ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። 2019ም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ 2020 የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ነው። ይህን ሕግ የማንኛችንም አያት በቃል ታውቀው ነበር።

ሰዓቱ ከቀኑም ይብሳል። የዩኒኮድ መዝገብ ለአማርኛ ‹‹ጥዋት›› እና ‹‹ከሰዓት›› የሚሉ ቃላት ሰጥቷል፤ ሰዓቱን ግን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ስልካችሁ በአማርኛ ሆኖ ‹‹9:00 ከሰዓት›› ቢላችሁ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው። ከቦንጋ የማለዳውን አውቶቡስ ለመያዝ ‹‹11:00 ጥዋት›› ብሎ ደወል የሞላ መንገደኛ የሚነቃው ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ አውቶቡሱ ያኔ ጅማን እያሰበ ነው። በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ሰውየው የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ይጠረጥር ነበር። አማርኛው አታለለው።

ለዚህ መላ ያገኘ አንድ ሰው ቦንጋ ገበያ አጠገብ ባለ ሱቅ ውስጥ አግኝቻለሁ። ስልኩን ሳይ ሰዓቱ በእኛው ነው። እንዴት አድርገህ ነው ብለው፣ የሰዓት ክልሉን ቦነስ አይረስ አድርጎታል! ለካስ አርጀንቲና ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የጠዋቱ አንድ ሰዓት በትክክል 1:00 ብሎ ይታያል። የእህቴ ልጅ ስነግረው ከልቡ ሳቀና ‹‹ሰውየው ልክ ነው›› አለኝ። ሰዓቱን በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱ ሰዎች ውስጥ ያለውን ቁጥር ራሱን ያበላሹታል፤ ከዚያ የመልእክት ቅደም ተከተል ይዛባል፣ ድረ ገጾችም ‹‹የደኅንነት ስጋት አለ›› እያሉ አንከፍትም ይላሉ። ባለሱቁ ግን ቁጥሩን አልነካም፤ የለወጠው መልኩን ነው። ቀኑ የሚለወጥበትም እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ባለሱቁ በዚህ ምንም ቅር አላለውም፤ ‹‹ሳይነጋ ምን ቀን አለ?›› ብሎኛል።

አንድ ሌላ ነገር ያሳሰበኝ አለ። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ የአገራችን ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ጭምር፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠርን ከአማርኛ ቋንቋ ጋር አስረው ያዩታል። ካፋ ይህን ያፈርሰዋል። ካፊ ኖኖ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ብዙ ወጣቶችም ስልካቸውን በእንግሊዝኛ ነው የሚጠቀሙት። ዘመን የሚቆጥሩት ግን በመስከረምና በጳጉሜ ነው። አካባቢው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል የሆነበትን ሕዝበ ውሳኔ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ብለው ያስታውሳሉ እንጂ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ሲል የሰማሁት የለም። ስለዚህ ቋንቋ፣ ፊደል፣ አገርና ዘመን መቁጠሪያ ለየብቻ የሚመረጡ መሆን አለባቸው። የሎኬል ደንቡ ይህን ይፈቅዳል፤ ‹‹እንግሊዝኛ፣ ኢትዮጵያ፣ የኢትዮጵያ ዘመን›› ብሎ ማዘዝ ይቻላል። የሚያዝ ነው የጠፋው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የልደት ምስክር ወረቀቷንና የቀኑን ስሌት አያይዤ አቤቱታ ጻፍኩላት። መልሱ ‹‹ሲስተሙ ስለተዘጋ ማስተካከል አይቻልም፤ በሚቀጥለው ዙር ያመልክቱ›› የሚል ነበር። ሲስተም የሚባል ዳኛ መቼ እንደተሾመ አላውቅም።

የሚቀጥለው ዙር ሲከፈት ራሷ በስልኳ ሞላችው። አሁን ብልህ ሆና በፈረንጅ ለውጣ 09/11/2001 ብላ ጻፈች። ከማስገባቷ በፊት የማረጋገጫውን ገጽ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ‹‹ሴፕቴምበር 11፣ 2001›› ይላል። ፎርሙ እንደ አሜሪካኖቹ ወርን የሚያስቀድም ሆኖ ተገኘ፤ ልጅቷም መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ላይ፣ በእንቁጣጣሽ፣ ተወለደች።

‹‹ጋሼ፣ ሁለት ወር ብቻ ነው፤ ዕድሜዬም አያልፍም፣ ልላከው?›› ብላ ደወለች። የልደት ወረቀቷ ሌላ ቀን እንደሚል አስታወስኳትና እንዳትልኪው አልኳት። ወሩን በስም መምረጥ የሚቻልበት ቦታ ፈልጋ፣ ኖቬምበር የሚለውን እስክታገኝ ድረስ ስልኩን ሳንዘጋ ቆየን።