ጉድጓዱን ማን ቆፈረው? ማንስ ያድርበታል?

ነሐሴ ላይ በአፋር የዱብቲ ሰው ዐይኑን ከአዋሽ ወንዝ አይነቅልም። ዝናቡ የሚወርደው በሸዋና በወሎ ደጋ ነው፤ ውሃው ግን ተጠራቅሞ የሚደርሰው እዚህ፣ ዝናብ እምብዛም በማያውቀው ሜዳ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት ወንዙ ሞልቶ በታችኛው አዋሽ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል። ጎርፉን የሚገታው ዳይክ ከአፈር የተሠራ ነው። ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተንዳሆን የጥጥ እርሻ ካቋቋመ ወዲህ በየማሳው የተዘረጋው ካናልም በአብዛኛው ያው አፈር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የካናል ጠባቂ ማለዳ ወጥቶ ጠርዙ ላይ አዲስ ጉድጓድ ካየ፣ የማን እንደሆነ ማወቅ አለበት።

አንድ ጉድጓድ ዳይክን እንዴት ያፈርሳል? ውሃ ሁልጊዜም በአፈር ውስጥ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ዳይኩ ወፍራም ከሆነ መንገዱ ይረዝማል፣ ውሃውም ጉልበቱን በመንገድ ጨርሶ ወዲያ ማዶ ሲወጣ ጠብታ ብቻ ይሆናል። አውሬ መሐል ለመሐል ሦስት ሜትር ከቆፈረ ግን መንገዱ በዚያው ልክ ያጥራል። ውሃው ይፈጥናል፤ ሲፈጥን የደለሉን ቅንጣት ይዞ ይወጣል፤ ቅንጣቱ በወጣ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። ከውጭ የሚታየው መጀመሪያ ላይ ትንሽ የደፈረሰ ምንጭ ብቻ ነው። ጣሪያው ሲደረመስ ግን ዳይኩ በአንድ ጊዜ ይቀደዳል። የታችኛው አዋሽ ደለል ለቆፋሪ እንስሳ የሚመቸው ልል ስለሆነ ነው፤ ለውሃም የሚመቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጉድጓድ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገረው። የቆፈረው እንስሳና የሚያድርበት እንስሳ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ስፋቱና የአፈር ክምሩ የቆፋሪውን ማንነት ሲያሳዩ፣ ደጃፉ ደግሞ የነዋሪውን ያሳያል። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አፉ ላይ የጅብ ዱካ ያየበትን ጉድጓድ ሁሉ ጅብ ቆፈረው ይላል፤ ጅብ ግን ሌላው የተወውን ጉድጓድ ማስፋት ይቀናዋል።

በአዋሽ ሸለቆ የትልልቅ ጉድጓዶች ዋና ባለሙያ አዋልደጌሳ ነው። ሌሊት ብቻ ስለሚወጣ በሚኖርበት አገር ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ ሳያየው ሊያረጅ ይችላል። ከ40 እስከ 65 ኪሎ ይመዝናል፤ አፍንጫው ረጅም፣ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ጅራቱ ወፍራም ነው። ምግቡ ምስጥና ጉንዳን ነው። የፊት እግሩ ጥፍሮች ጠንካራ ከመሆናቸው የተነሣ፣ አደጋ ሲሰማው ልል አፈር ውስጥ በደቂቃዎች ተሰውሮ ይጠፋል። የሚኖርበት ጉድጓድ አፉ ጎልማሳ ሰው ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሊያስገባበት የሚችል ያህል ሰፊ ነው፤ ወደ ውስጥ አዘቅዝቆ ይወርዳል፣ ውስጡም ከ10 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። አፈሩ በአንድ ወገን ብቻ ተቆልሎ ይገኛል፤ ምክንያቱም በፊት እግሩ እየፋቀ፣ በኋላ እግሩ ወደ ኋላው እየገፋ ያወጣዋል። ክምሩ ላይ የሦስት ጥፍር ጥልቅ ጭረት፣ በዱካዎቹ መሐል ደግሞ ጅራቱ የጎተተው መስመር ከተገኘ ጥርጣሬ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በኩይሳ ሥር የሚታየው ቀዳዳ ሁሉ መኖሪያ አይደለም። አዋልደጌሳ በአንድ ሌሊት ብዙ ቦታ ቆፍሮ፣ ምስጡን ልሶ ያልፋል። እንዲህ ያለው ጉድጓድ ክንድ ያህል ወርዶ ያበቃል፤ ውስጡ ዋሻ የለውም፣ ግድግዳውም በመመላለስ አልለሰለሰም። ዳይክ ላይ ቢገኝ በአካፋ አፈር ሞልቶ፣ ረግጦ ማለፍ ይበቃል። ሜዳ ላይ ረጅምና ቀጥ ያለ ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ የአውሬ ሥራ ነው ብላችሁ አትድከሙ። የዋልካ መሬት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አፋርም ምድሯ የሚላወስ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በዳባሁ አካባቢ፣ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ የመሬት መንቀጥቀጡ መሬቱን ሰንጥቆት ነበር። የአውሬ ጉድጓድ አፍ፣ ደጃፍና የወጣ አፈር አለው፤ ስንጥቅ ከእነዚህ አንዱም የለውም።

አዋልደጌሳው ጥሎት የሄደውን ጉድጓድ ቶሎ ከሚይዙት አንዱ ከርከሮ ነው። የከርከሮ ደጃፍ ለማወቅ ቀላል ነው። ለሁለት የተከፈለ ሸኾና አፈሩን ጠቅጥቆታል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ በአፍንጫውና በክራንቻው የገለበጠው መሬት ይታያል፤ ሲግጥ በፊት ጉልበቱ ስለሚንበረከክ የጉልበቱ ምልክት ሳር ላይ እንኳ ይቀራል። ኩሱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የፕሮሶፒስ ፍሬ አለ። እንስሳው ይህን የአፋርን ግጦሽ የወረረ ዛፍ ከግመል፣ ከከብትና ከፍየል ጋር እየዞረ እንደሚዘራው በአዋሽ ሸለቆ በተደረገ ጥናት ታይቷል። ከርከሮ ቀን ግጦ ማታ ይገባል። ሲገባም ወደ ኋላው እያፈገፈገ፣ ፊቱንና ክራንቻውን ወደ ውጭ አድርጎ ነው። ስለዚህ በንጋት ከጉድጓድ አፍ ፊት ለፊት መቆም ትልቅ ድፍረት ነው፤ ሲወጣ በሙሉ ፍጥነቱ ነው የሚወጣው። እጅ ማስገባትማ ጨርሶ አይታሰብም። ግድግዳውም የራሱ ነዋሪ አለው፤ በከርከሮ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ የሚኖረው ለስላሳ ቆዳ ያለው መዥገር የአፍሪካ አሳማ ወረርሽኝን ቫይረስ ከከርከሮ ወደ ከርከሮ ሲያዛምት የኖረ ነው።

የጅብ ደጃፍ ለየት ይላል። አራት ጣት፣ ወደ ውስጥ የማይሰበሰብ ጥፍር፣ ከኋላው የሚተልቅ የፊት መዳፍ ይታያል። አጥንት ስለሚፈጭ ኩሱ ሲደርቅ ኖራ ይመስላል፤ ነጭ ኩስ በአንድ ቦታ ተከማችቶ ከተገኘ የጅብ ግዛት ነው። ነጠብጣቡ ጅብ ግልገሎቹን የሚያሳድግበት ጉድጓድ አፉ ሰፊ ሆኖ ውስጡ ይጠብባል። ጠባቡን ክፍል ግልገሎቹ ራሳቸው ይቆፍሩታል፤ እናታቸው እንኳ አትደርስበትም። አንበሳም ሆነ ሌላ ጅብ እንዳይደርስባቸው ይህ ይበቃቸዋል። እናትየዋ ለማጥባት ከደጅ ቆማ ትጠራቸዋለች። እዚያ አካባቢ ዱካው ትልቅና ትንሽ ተደባልቆ ከታየ፣ በእኔ እምነት፣ ሰው ወደዚያ መቅረብም ሆነ ጉድጓዱን መድፈን የለበትም።

የጃርት ግን ብዙ ሰው የሚያየው ቀዳዳውን ሳይሆን ደጃፉን ነው። ጥቁርና ነጭ እሾሁ ረግፎ ይገኛል፤ ካልተገኘም የተፋቀ አጥንት ይገኛል። ጃርት ሥጋ በል አይደለም፤ አጥንቱን እየጎተተ ወደ ጎሬው የሚወስደው ለማዕድኑና የማያቋርጥ እድገት ያለውን የፊት ጥርሱን ለመሞረድ ነው። የፋቀው አጥንት ላይ ሰፋፊ፣ ጥልቀት የሌላቸው፣ ትይዩ ጭረቶች ይቀራሉ። ጅብ የበላው አጥንት ግን ጫፉ ተሰባብሯል፣ የጥርሱ ቀዳዳ በግልጽ ይታያል፣ በሆዱ አልፎ የወጣው ስባሪም አሲድ እንደበላው ለስልሷል። ባለ ዥንጉርጉሩ ጅብ፣ ማለትም ሰውነቱ መስመር ያለው፣ ከነጠብጣቡ ይልቅ አጥንት ወደ ጎሬው የመሰብሰብ ልማድ አለው።

ይህ የአጥንት ንባብ ከዱብቲ ብዙ በማይርቅ ቦታ ለዓለም ሳይንስ ጠቃሚ ሆኗል። በሐዳር እ.ኤ.አ. በ1974 ድንቅነሽ ስትገኝ፣ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለውን አጽም እዚያ ያደረሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የግድ መመለስ ነበረበት። በአጥንቷ ላይ አውሬ የተቀራመተው ሬሳ ምልክት አልታየም፤ የተገኘው በዳሌዋ አጥንት ላይ አንድ የጥርስ ምልክት ነው። የቅሪተ አካል ባለሙያዎች በየጣቢያው የሚያገኙትን አጥንት ውሃ ያመጣው፣ ጅብ የሰበሰበው ወይስ ጃርት የፋቀው እንደሆነ የሚለዩት፣ የአፋር እረኛ ጉድጓድ ደጅ ቆሞ በሚያያቸው በእነዚሁ ምልክቶች ነው።

ትንንሾቹን ቀዳዳዎች በአጭሩ ልለፋቸው፤ ለሕይወት ግን ከትልልቆቹ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። ጣት የምታስገባ ክብ ቀዳዳ፣ ከፊቷ ትንሽ የተበተነ አፈር ካላት የአይጥ ናት። አፏ በሐር ድር ተለብጦ ፍጹም ክብ ከሆነ የትልቅ ሸረሪት ነው። ጠፍጣፋና ግማሽ ጨረቃ የመሰለ አፍ ያለው ግን የጊንጥ ነው፤ ጊንጥ ቀዳዳውን የሚቆፍረው በራሱ ሰውነት ቅርጽ ነው። በደረቁ የምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ማለዳ ላይ አፈር ከቀዳዳ አናት ወደ ላይ እየተረጨ ትንሽ እሳተ ገሞራ የመሰለ ክምር ሲሠራ ከታየ ደግሞ ራቁት ፍልፈል ነው። ይህን እንስሳ ጀርመናዊው ተጓዥ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1842 ከሸዋ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሲሆን፣ በአንዲት እናት ሥር ተደራጅቶ በአንድ ላይ ይቆፍራል። እባብን ግን በቀዳዳው ቅርጽ አትለዩትም፤ በዚህ አገር የምናውቃቸው አደገኛ እባቦች በአብዛኛው ሌላው በቆፈረው ይገባሉ። የወጣ አፈር የሌለበት፣ ጠርዙ በመመላለስ የለሰለሰ ቀዳዳ ውስጥ እፉኝት ሊኖር ይችላል ብሎ ማሰብ ይበጃል።

በወንዙ ቀጥ ባለ ገደል ላይ በከፍታ የተደረደሩ ጠባብ ቀዳዳዎች የወፍ ናቸው፤ ንብ በሊታዎች በመንጋ ተሰብስበው ይቆፍሯቸዋል። ከውሃው ጥግ፣ ከዝቅታው ላይ የሚገኘው ሰፋ ያለ ቀዳዳ የአርጃኖ ሊሆን ይችላል፤ ጅራቱ በጭቃው ላይ እየተጣመመ የጎተተው መስመር ይመሰክርበታል።

ይህ ሁሉ እንስሳ ለምን ከመሬት በታች እንደሚኖር ለማወቅ አንድ ቀን ቀትር ላይ ዱብቲ ውስጥ መቆም ይበቃል። ጥላ ሥር 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቀን የአፈሩ ገጽ ከዚያም በላይ ይግላል። ሙቀቱ ወደ ታች የሚወርደው ግን በዝግታ ነው፤ ግማሽ ሜትር ያህል ስትወርዱ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ሊጠፋ ይቃረባል። አየሩም እርጥበት ይይዛል። እንግዲህ አንድ አዋልደጌሳ የተወው ጉድጓድ ለከርከሮ፣ ለጅብ፣ ለጃርትና ለቀበሮ መትረፊያ ነው። ያየነውን ጉድጓድ ሁሉ በእሳትና በመርዝ የማጥፋት ልማድ ከአንድ እንስሳ በላይ እንደሚያጠፋ መታወቅ አለበት።

ታዲያ ዛሬ ማታ ማን እንዳለ እንዴት ይታወቃል? በመጀመሪያ ድርን ተመልከቱ። አፉ ላይ ያልተበጠሰ የሸረሪት ድር ካለ ቢያንስ ባለፈው ሌሊት ማንም አልገባም፣ አልወጣም። ድር ከሌለ ደጃፉን ክንድ ያህል በቅርንጫፍ ጠርጋችሁ አለስልሱት፤ ደቃቅ አፈር ብትነሰንሱበት ይሻላል። አፉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ጭራሮ አጋድማችሁ ትከሉ። ይህን በማለዳ አንዴ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ አንዴ አድርጉት። ማለዳ ጭራሮው ወደ ውጭ ወድቆ ካገኛችሁ ሌሊት የሚወጣ እንስሳ አለ፤ ወደ ውስጥ ከወደቀ የገባ አለ፤ ዱካው ደግሞ ማን እንደሆነ ይነግራችኋል። ዱካውን ለማንበብ ችግር ካላችሁ ከብት ከሚጠብቀው አፋር ወጣት የተሻለ አስተማሪ የለም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ የሚባለውን ወሬ ይለዋወጣሉ፤ በዚያ ውስጥ ሳር የት እንዳለ፣ ውሃ የት እንደጠፋ፣ የምን አውሬ ዱካ የት እንደታየ ሳይነሣ አይቀርም።

የማን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ለዳይኩ ወሳኙ ነገር ሰዓቱ ነው። የከርከሮ ጉድጓድ ረፋድ ላይ፣ ግጦሽ ከወጣ በኋላ ይደፈናል። የጃርትና የአዋልደጌሳው ግን ሌሊት፣ ጭራሮው ወደ ውጭ መውደቁ ከታየ በኋላ ነው። አፉን ብቻ በድንጋይ መወተፍ ጉዳቱ ያይላል፤ ባዶው ውስጥ ስለሚቀር ውሃው በሌላ በኩል ያገኘዋል። ዋሻውን እስከ ጫፉ መክፈት፣ እርጥብ አፈር በስስ በስሱ እየጨመሩ በመጠቅጠቂያ መምታት ያስፈልጋል። ዱካው ትንንሽ ግልገሎችን ካሳየ ደግሞ ሥራው ግልገሎቹ አድገው እስኪወጡ ይቆያል፤ እስከዚያው ውሃው በዚያ በኩል ዝቅ ተደርጎ ይለቀቃል፣ ጠባቂውም ማለዳ ማለዳ የደፈረሰ ምንጭ በማዶ በኩል እንዳይወጣ ይመለከታል።