ያውቁ ኖሯል? ጥሬ ዶሮ ማጠብ ባክቴሪያን ያዛምታል

የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2015 ከሱቅ የተገዙ ከ4,000 በላይ ትኩስ ዶሮዎችን አስመርምሮ፣ በ73 በመቶዎቹ ላይ ካምፒሎባክተር የተባለውን ባክቴሪያ አገኘ። ከማሸጊያዎቹም 7 በመቶ ያህሉ በውጭ በኩል ተበክለው ነበር፤ ማሸጊያው ገና ሳይፈታ ባክቴሪያው እጅ ላይ ይደርሳል ማለት ነው።

ባክቴሪያው የሚኖረው በዶሮ አንጀት ውስጥ ሲሆን ወደ ሥጋው የሚተላለፈው በእርድ ጊዜ ነው። ሥጋው አይሸትም፣ መልኩም አይለወጥም። ሰውን ግን ለተቅማጥ፣ ለትኩሳትና ለሆድ ቁርጠት፣ አልፎ አልፎም ጊላን ባሬ ለተባለ ከባድ የነርቭ ሕመም ይዳርጋል።

ኤጀንሲው ጥሬ ዶሮ እንዳይታጠብ ይመክራል፤ ከቧንቧው ሥር የሚፈናጠረው ውኃ ባክቴሪያውን ወደ ሳህኑም ወደ ልብሱም ያደርሰዋል። የዶሮ ወጥ ብልት ደጋግሞ ማጠብን ከእናቶቻችን ለተማርን ይህ ከባድ ምክር ነው። ሎሚውና ጨውም ቢሆኑ ባክቴሪያውን ሙሉ በሙሉ አያጠፉትም። ማጠቡን መተው ያልቻለ ሰው ቢያንስ ቧንቧውን ዘግቶ በጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጠብ፤ ሲጨርስም እጁንና ዕቃውን በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይፈግፍግ። በደንብ የበሰለ ወጥ አያሰጋም። የሚያሰጋው ጥሬው ዶሮ በተቆረጠበት ቢላና መክተፊያ የሚከተፈው ሰላጣ ነው።