ከክልል ውጭ ተመድቦ መማር፦ ሳይጠየቁ የሚቀሩ ጥያቄዎች

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይፋ በሆነ ሰሞን ዱርቤቴ ውስጥ "ስንት አመጣ?" የሚለው ጥያቄ ይቀርና "የት ደረሰው?" በሚል ይተካል። መልሱ ባሕር ዳር ወይም እንጅባራ ከሆነ እልልታው ወዲያው ነው። ደምቢ ዶሎ፣ ጅግጅጋ ወይም ጋምቤላ ሲባል ግን እልልታው ትንሽ ይዘገያል። አባት ዝም ይላል፣ እናት "እሱ ደግሞ የት ነው?" ትላለች። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ዝምታ በኋላ የሚመጡትን ተግባራዊ ጥያቄዎች ለመዳሰስ ይሞክራል። ለሚሄዱት ብቻ ሳይሆን ከሌላ ክልል ወደ ባሕር ዳር ለመጡትም ጭምር ነው፤ ችግሩ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ነውና።

የመጀመሪያው ጥያቄ መሄድ ወይስ መቅረት የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ፍርሃት ብቻ ብሎ ማለፍ አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገደሉ፤ በዚያው ዓመት ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ የአማራ ክልል ተማሪዎች መንገድ ላይ ታገቱ። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ተይዘው ተወሰዱ። ልብ ብሎ ላየው ከሦስቱ ሁለቱ የደረሱት ጊቢ ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ "ጊቢው ሰላም ነው ወይ?" ብሎ ከጠየቀ በኋላ "በየት በኩል ነው የሚሄደው? መቼ ነው የሚነሳው? የት ነው የሚያድረው?" ብሎም መጠየቅ አለበት። ይህን በትክክል የሚመልሰው እዚያው የሚማር ሲኒየር ነው። ሲኒየር ማግኘት ከባድ አይደለም፤ በየዩኒቨርሲቲው ከአንድ አካባቢ የመጡ ልጆች ይተዋወቃሉ፣ ስልክም ይቀባበላሉ።

ምደባ ይቀየርልኝ ማለትስ? ይቻላል፣ ግን በሩ ጠባብ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር የሚያየው በአብዛኛው በሕክምና ማስረጃ የተደገፈ ከባድ የጤና ችግርን፣ የሚያጠቡ እናቶችን፣ መንታ ሆነው የተለያዩትን ነው። "ሩቅ ነው" ወይም "ቤተሰቤ ፈራ" የሚል ማመልከቻ መልስ ሲያገኝ አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው አንድ ወረቀት አለ። ተመዝግቦ መማር የጀመረ ተማሪ በጤናም በጸጥታም ምክንያት ማቋረጥ ካስፈለገው የዊዝድሮው ፎርም ሞልቶ፣ ክሊራንስ ጨርሶ፣ ኮፒውን ይዞ መውጣት አለበት። በ2012 በነበረው ግርግር ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ሁለት የአካባቢያችን ልጆች ነበሩ። አንደኛው ሻንጣውን ይዞ በሌሊት ወጣ፤ ማንም አይፈርድበትም። ሌላኛው ሁለት ቀን ዘግይቶ በሬጅስትራር በኩል ወጣ። በዓመቱ ፎርም የሞላው ተመልሶ ገባ። ያልሞላው ግን ትምህርቱን ጥሎ እንደሄደ ተቆጥሮ ቆየው፣ ማመልከቻ ይዞ ሲመላለስ ከረመ። ሕይወት ከወረቀት ይበልጣል፤ አደጋ ካለ መጀመሪያ መውጣት ነው። ነገር ግን ከወጡ በኋላም ቢሆን ቶሎ ብሎ ለሬጅስትራር በጽሑፍ ማሳወቅ በሩን ክፍት ያደርጋል።

የምዝገባ ወረቀት ቀላል ነው፣ ጥሪው ላይ ይጻፋል፦ የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ ከ9 እስከ 12 ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። እኔ የምጨምረው ኮፒውን ከዋናው ለይቶ በሌላ ቦርሳ መያዝን ነው። ዱርቤቴ የጠፋ ወረቀት በአንድ ቀን ይተካል፤ ሰመራ ሆኖ የዱርቤቴን ትምህርት ቤት ማኅተም ማስመታት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የፋይዳ መታወቂያም ከቤት ሳይወጡ ቢጨርሱት ይሻላል፣ ባንክም ሲም ካርድም ይጠይቃልና።

ገንዘብን በተመለከተ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነጻ ነው የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት አሠራር መሠረት ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶውን፣ ከምግብና ከመኝታ ደግሞ ሙሉውን ይጋራል፤ የሚከፍለውም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። የካፌ የቀን በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ጥሩ ዜና ነው፤ ሂሳቡ ግን ዞሮ በተማሪው ውል ላይ እንደሚመጣ ማወቅም ደግ ነው። ካፌ መጠቀም ወይስ ነን ካፌ ሆኖ ገንዘቡን መውሰድ የሚለውን ደግሞ የከተማውን ዋጋ ሳያዩ መወሰን አይገባም። ከቤት የሚላክ ብር በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ ይመጣል። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ እንዳየነው መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። ስለዚህ *127# እና *889# በሚሉት አጭር ቁጥሮች መላክና መቀበልን ለእናት አባት አስተምሮ መሄድ ያስፈልጋል።

ወደ ቋንቋው እንምጣ፣ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ይባላል። ነውም። ግን የቡድን ሥራ ሲከፋፈል፣ መምህሩ ቀልድ ጣል ሲያደርግ፣ ባጃጅ ሲያዝ፣ ቲማቲም ሲገዛ እንግሊዝኛ የለም። ኦሮሚያ የተመደበ ልጅ ዋጋ ሲጠይቅ "ሜቃ?"፣ ሲያመሰግን "ገለቶማ" ቢል ባለሱቁ ፊቱ ይፈታል። መቀሌ ከሆነ "ክንደይ?" እና "የቐንየለይ" ነው። የኦሮምኛ ታፔላ የሚጻፍበት ቁቤም ፊደሉ ላቲን ስለሆነ ማንበቡ አያስፈራም፤ ኤክስ የተባለችው "ጠ"፣ ሲ "ጨ"፣ ኪው ደግሞ "ቀ" እንደሆነች ካወቁ ግማሹን ጨረሱ።

ወደ እኛ የሚመጡትም እንዲሁ ይቸገራሉ። የዶርሜ ልጅ ከጅግጅጋ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የፔዳ በር ላይ ያሉትን ሽማግሌ ጥበቃ "አንተ፣ ክፈት" ብሎ ከባድ ጭቅጭቅ ተነሣ። ልጁ ንቆ አልነበረም፤ አማርኛ የለመደው ከእኩዮቹ ስለሆነ "ይክፈቱልኝ አባባ" የሚለውን የነገረው ሰው አልነበረም። ሽማግሌውም ይህን ሲረዱ ሳቁና "ና አስተምርሃለሁ" አሉት። እንዲህ ዓይነቱ ነገር በብሔር ተተርጉሞ ወደ ሌላ ሲሄድ ግን ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ሲኒየሮች ለፍሬሽማን ካፌና ላይብረሪ ከማሳየታቸው ጎን ለጎን ሰው እንዴት እንደሚጠራም ቢነግሩ መልካም ነው።

አየር ጠባይ በአጭሩ፦ ሰመራና ጋምቤላ ቆላ ናቸው፤ ወፍራም ጃኬት ሸክም ነው። ደብረ ብርሃን የሚሄድ ደግሞ ሁለት ብርድ ልብስ ይያዝ። ወባ ያለው ቆላ ብቻ ይመስለናል፤ ባሕር ዳርም ወባ አለ፣ አጎበር ያስፈልጋል።

የቀረው የበዓል ጉዳይ ነው። የሩቅ ልጅ ለአጭር ዕረፍት ቤቱ መሄድ አይችልም፤ ዶርም በዕረፍት ክፍት መሆኑን ፕሮክተሩን ቀድሞ መጠየቅ አለበት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ነዋሪ ጋር ሆኖ የጀመረው የቃል ኪዳን ቤተሰብ ለዚህ ጥሩ መልስ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ተማሪ በከተማው ውስጥ የሚጠይቀው፣ በበዓል የሚጠራው ቤተሰብ ያገኛል። እኛም ለገና ያን የዶርሜን ልጅ ዱርቤቴ ይዤው ወረድኩ። እናቴ ዶሮ ሠርታ ጠበቀችን፤ ሙስሊም መሆኑን አስቀድሜ በስልክ ስለነገርኳት ግን ለሱ በሌላ ድስት ሽሮና እንቁላል ለይታ ነበር። አባቴ ስለ ጅግጅጋ ግመል ሲጠይቀው አመሸ። ሲመለስ እናቴ በፌስታል ቆሎ ቋጠረችለት፤ "ለጾም ነው ለፍስክ?" ብሎ ጠየቃት፣ አማርኛው እዚያ ደርሷል።