ተራራው አንድ ቀን ይበቃዋል

ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰፈሮች፣ ከጀሞም ሆነ ከለቡ፣ ፉሪ ተራራ ቅርብ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2800 ሜትር ቢበልጥም በማለዳ የተነሣ ሰው ወጥቶት ለምሳ ይመለሳል። ለእንግዶች የሚዘጋጁ የጉዞ መርሐ ግብሮች ብዙ ጊዜ ቀኑን ለሁለት ይከፍሉታል፦ ጠዋት ተራራ፣ ከሰዓት በኋላ በሕፃናት ማሳደጊያ ወይም በትምህርት ቤት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት። ይህን የሚመርጠው የውጭ ዜጋም ሆነ ለገና አገሩ የሚገባ ዳያስፖራ በቅን ልቦና እንደሚመጣ አልጠራጠርም። ችግሩ ሁለቱ ሥራዎች እኩል ጊዜ የሚበቃቸው መምሰሉ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ የሚተነፈሰው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባት አስረኛ ግድም ስለሆነ ከቆላ የመጣ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፤ ቢደክመውም ግን የሚጎዳው ራሱን ነው። ከሰዓት በኋላ በሚሄድበት ቦታ የሚጠብቀው ልጅ ግን የእንግዳውን ማንነት ማወቅ፣ ነገ ይመለስ እንደሆነም መጠየቅ ይፈልጋል።

በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ ላይ፣ ከስድሳ ዓመት ገደማ በፊት መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። የከፈቱት አሜሪካውያን ሚስዮናውያን ናቸው። ይዘውት የመጡት የምልክት ቋንቋ የአገራቸው ነበርና ዛሬም በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ውስጥ አሻራው ይታያል። ሆኖም አማርኛ ለሚማር ልጅ የእንግሊዝኛው የጣት ፊደል ሊበቃው አልቻለም፤ ለራሳችን ፊደል የሚሆን መሥራት ግድ ሆነ። በዚህ የጣት ፊደል ከ«በ» እስከ «ቦ» የጣቶቹ ቅርጽ አንድ ነው፤ «ቡ»ን ከ«ባ» የሚለየው የእጁ እንቅስቃሴ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚወለደው አስተማሪና ተማሪ አብረው ዓመታት ሲቆዩ ነው። የአንድ ከሰዓት ጎብኚ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ የልጁን ስም እንኳ መጠየቅ አይችልም፤ ፈገግ ብሎ ፎቶ ይነሣና ይሄዳል።

ከውጭ መጥተው ቁም ነገር የሠሩ በጎ ፈቃደኞች ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በ1955 ዓ.ም. መባቻ የደረሱት ወደ 280 የሚጠጉ የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓድ አባላት አማርኛ እየተማሩ ሥልጠና ወስደው፣ ለሁለት ዓመት ሊያስተምሩ የመጡ ነበሩ። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1951 ዓ.ም. የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ ለሦስት ዓመት ተዋውለው ነው የመጡት። በምጥ ተጎድተው፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ከሰው የተገለሉ እናቶችን ሲያዩ ግን በዚያው ቀሩ፤ የፊስቱላ ሆስፒታልም ከፈቱ። ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በሆስፒታሉና በቅርንጫፎቹ ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። እኔን ከቁጥሩ በላይ የሚደንቀኝ ኋላ ያቋቋሙት የአዋላጆች ኮሌጅ ነው፤ ከገጠር የሚመጡ ልጃገረዶችን አሠልጥኖ ወደየመጡበት አካባቢ ይመልሳል። ቀዶ ሕክምናው ጉዳቱን ይጠግናል፤ አዋላጇ ደግሞ ጉዳቱ ከመነሻው እንዳይደርስ ትከላከላለች። ይህን ለማየትና ለመሥራት አሥርት ዓመታት ጠይቋል። የኛም ወጣቶች ቢሆኑ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ወደ ክፍለ ሀገር ሲዘምቱ የተመደበላቸው አንድ ሙሉ ዓመት ነበር።

«ከምንም ጥቂት ይሻላል» የሚል ይኖራል። ለቁሳቁስ ይህ እውነት ነው፤ አንድ ደርዘን ደብተር ከምንም ይሻላል። ወላጅ ለሌለው ሕፃን ግን በየሳምንቱ የሚቀያየር አቃፊ ጥቂት ነገር እየሰጠው ሳይሆን መለየትን ደጋግሞ እያስተማረው ነው። የሕፃናት ማሳደጊያ የጎብኚ መዳረሻ ሲሆን ደግሞ ልጁ ገንዘብ መሳቢያ የመሆን አደጋ ይገጥመዋል። በ2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ጉዲፈቻን ሲከለክል ልጆች በአገራቸውና በባህላቸው ይደጉ የሚለው ሐሳብ ሚዛን ደፍቶ ነበር፤ ይኸው ጥንቃቄ ለጎብኚዎችም ቢሠራ ተገቢ ይመስለኛል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከሐኪሞች በኩል የሚመጣው ነው። የዓይን ሞራ ግርዶሽ በአገራችን የዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ነው፤ ቀዶ ሕክምናው በደቂቃዎች ያልቃል፤ ለጥቂት ቀናት የሚመጣ ቡድንም ለብዙ ሰው ብርሃን ይመልሳል። እስማማለሁ። ነገር ግን እዚያ ዘመቻ ላይ አስቀድሞ ታካሚውን የለየው፣ ፋሻው ሲፈታ የሚያየው፣ ከወር በኋላም የሚከታተለው የአገር ቤቱ ባለሙያ ነው። የእንግዳው አጭር ጊዜ የሠራው በረጅም ሥራ መካከል ስለገባ ነው፤ የሚሠራውን የመረጠውም ተቀባዩ ሆስፒታል ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ለፉሪ መንገድ መሪ ለሚሆነው የአካባቢው ወጣት ተገቢውን ይክፈል፤ ወደ ድርጅቱ ከመሄዱ በፊት ደግሞ ደውሎ ምን እንደሚያስፈልግ ይጠይቅ። የሒሳብ ባለሙያ ከሆነ ከገንዘብ ያዡ ጋር ተቀምጦ መዝገቡን ያስተካክል፤ አናጺ ከሆነ የተሰበረ ዴስክ ይጠግን። ሙያው የሚፈለግ ካልሆነ ለጉዞው ካወጣው ላይ ቀንሶ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ለሚያስተምረው መምህር ደመወዝ ያዋጣ።