ሦስት ፕሮፎርማ፣ አንድ ጣሪያ፦ የቆርቆሮ ዋጋ እንዴት ይነጻጸራል?

ዛሬ ቡናና ሰሊጡን ትንሽ አቆይተን ስለ ቆርቆሮ እናወራለን። «ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አርሶ አደሩ ጀንፈሉን ሸጦ ብሩ የሚሄደው የት ነው? አንዱ ጣሪያው ላይ አይደል? ነጋዴውም ቢሆን ቡናውን ከሚያስቀምጥበት ክዳን በላይ ዋስትና የለውም። በዚህ ሰሞን ደግሞ የጣሪያ ቅየራ ዋጋ የሚጠይቁን በዝተዋል። «አንዱ 55 ሺህ አለኝ፣ አንዱ 82፣ አንዱ 130። የቱ ነው እውነተኛው?» ይላሉ።

ጥያቄው እኔም ቤት ገብቶ ነበርና በዚያው ልጀምር። ሊሙ ያሉት አጎቴ የቤታቸው ቆርቆሮ ሁለት ክረምት ሲያፈስ ከርሞ፣ ባለፈው ዓመት ግድግዳው ጥግ የነበሩ የጀንፈል ጆንያዎች ረጠቡባቸው። ሻገተ። ገዢው እጁን አስገብቶ አሸተተና ዋጋውን ሰበረ። እሳቸውም የቀረውን እንደሸጡ «ዘንድሮ ክዳኑን ሳልቀይር ዝናብ አይመጣም» ብለው ሦስት ቦታ ፕሮፎርማ አስጻፉና ወረቀቶቹን ለእኔ ላኩልኝ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመች አጠጋግቼያቸዋለሁ፤ የዛሬ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ እንዳትይዟቸው። ዛሬ የምናየው አሠራሩን ነው።

አንደኛው ወረቀት፦ ባለ 30 ጌጅ፣ 2 ሜትር በ90 ሳንቲም የሆነ ቆርቆሮ፣ 61 ቅጠል፣ አንዱ 900 ብር፣ ድምር 54,900 ብር። ሁለተኛው፦ በልክ ተቆርጦ የሚመጣ 0.4 ሚሊ ቆርቆሮ፣ 137.2 ሜትር፣ ሜትሩ 600 ብር፣ ድምር 82,320 ብር፣ ቫትን ጨምሮ። ሦስተኛው፦ «አሮጌውን አንስቶ አዲስ መትቶ ማስረከብ፣ 130,000 ብር።» በቃ፣ አንድ መስመር።

በመጀመሪያ እይታ የመጀመሪያው ርካሽ ነው። አጎቴም ቀብድ ሊሰጡ ነበር።

እስቲ መጀመሪያ ጣሪያው ስንት ካሬ እንደሆነ እንወቅ። ቤቱ 10 በ8 ስለሆነ ሰው ሁሉ «80 ካሬ» ይላል። ግን ክዳኑ ከግድግዳው በየአቅጣጫው 60 ሳንቲም ይወጣል፣ ስለዚህ 11.2 በ9.2 ሆነ፤ ይሄ 103 ካሬ ነው። ጣሪያው ደግሞ ጠፍጣፋ አይደለም። 20 ዲግሪ ያህል ተዳፋት ካለው የእያንዳንዱ ጎን ርዝመት 4.6 ሳይሆን 4.9 ሜትር ነው። ሁለቱ ጎን ሲደመር 110 ካሬ ገደማ። የ80 ካሬ ቤት የ110 ካሬ ክዳን ይፈልጋል ማለት ነው። ይሄን ሳያውቁ ገበያ መሄድ ጆንያውን ሳይመዝኑ ቡና እንደመሸጥ ነው።

የመጀመሪያው ሻጭ 110 ካሬውን በትክክል አውቆታል። 110ን ለ1.8 (2 በ0.9) አካፈለና 61 ቅጠል አለ። ችግሩ ቆርቆሮ ጎን ለጎን ሲመታ ይደራረባል፤ 90 ሳንቲም የነበረው 80 ሳንቲም ብቻ ይሸፍናል። ቁመቱም ላይ ከላይኛው ጋር ቢያንስ 15 ሳንቲም መደራረብ አለበት፣ አለዚያ ነፋስ ያዘለ ዝናብ ይገባል። እንቁጠረው፦ 11.2 ሜትሩን ለመሸፈን 14 ረድፍ ያስፈልጋል። 4.9 ሜትሩን ለመሙላት በየረድፉ ሁለት ቅጠል አይበቃም፣ ሦስት ይገባል፤ ሦስተኛው ተቆርጦ 80 ሳንቲም ያህሉ ይተርፋል። 14 በ3፣ በሁለት ጎን፣ 84 ቅጠል። 61 አይደለም! 84 በ900 ስናባዛ 75,600 ብር። ወረቀቱ ግርጌ ላይ በትንሹ «ቫትን አይጨምርም» ይላል። 15 በመቶ ሲጨመር 86,940 ብር።

ሻጩ አጭበረበረ አልልም። ካሬ አካፍሎ ቅጠል መቁጠር የለመደ ሰው ነው፣ የጎደለውን ሥራው ሲጀመር ትመለሳላችሁ ብሎ ያስባል። ግን በዚያን ጊዜ አሮጌው ክዳን ተነስቷል፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ እናንተ ደግሞ የመደራደር አቅም የላችሁም። ተጨማሪዎቹን 23 ቅጠሎች በፈለገው ዋጋ ይሸጥላችኋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው። እያንዳንዱ ቅጠል 4.9 ሜትር ሆኖ ስለሚቆረጥ ቁመቱ ላይ መደራረብ የለም። 14 ቅጠል በሁለት ጎን 28፣ በ4.9 ሲባዛ 137.2 ሜትር። ወረቀቱ ልክ ነው። የመጀመሪያው ሲስተካከል 86,940፣ ይሄኛው 82,320። ውድ የተባለው ረከሰ።

ግን እዚህ ላይ አናቆምም፤ ምክንያቱም ሁለቱ አንድ ዕቃ አይደሉም። ቆርቆሮ በቅጠል ይሸጥ እንጂ የምትገዙት ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ በኪሎ ነው የሚለካው። የእኛ ሰው በፈረሱላና በኩንታል ስለሚያስብ ይሄ አይከብደውም። የብረት ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ካሬ ሜትር፣ 1 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። 0.4 ሚሊ ከሆነ 3.14 ኪሎ፣ 0.3 ከሆነ 2.36 ኪሎ። ቆርቆሮው ሳይታጠፍ በፊት ስፋቱ 1 ሜትር የነበረ ከሆነ (ሻጩን የጥቅሉን ስፋት ጠይቁት) ባለ 2 ሜትሩ 0.3 ሚሊ ቅጠል 4.7 ኪሎ መመዘን አለበት።

አጎቴን «ከመጀመሪያው ሱቅ አሥር ቅጠል አስመዝኑልኝ» አልኳቸው። የቡና ሚዛን ላይ ወጣ፦ 39 ኪሎ። 47 መሆን ነበረበት። 39 ኪሎ ማለት 0.25 ሚሊ ገደማ ነው። ከየቅጠሉ አንድ ኪሎ ገደማ የለም ማለት ነው! ሻጩ ሲጠየቅ «ጌጁ 30 ነው» አለ፣ እሱም ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ጌጅ የሚባለው ቁጥር እንደ ሰንጠረዡ ይለያያል። ለምሳሌ 28 ጌጅ በድሮው የእንግሊዝ ሰንጠረዥ 0.356 ሚሊ ሲሆን በአሜሪካ የዚንክ ቅብ ቆርቆሮ ሰንጠረዥ 0.475 ሚሊ ነው። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ዕቃ። ስለዚህ ፕሮፎርማ ላይ ጌጅ ብቻ ከተጻፈ መልሱት፤ በሚሊ ይጻፍ።

እንግዲህ በኪሎ እናወዳድር። የመጀመሪያው፦ 84 ቅጠል በ3.9 ኪሎ፣ 328 ኪሎ ብረት በ86,940 ብር፣ ኪሎው 265 ብር። ሁለተኛው፦ 431 ኪሎ ብረት በ82,320 ብር፣ ኪሎው 191 ብር። አሁን ገበያው ፊቱን አሳየ።

ባለቀለም ቆርቆሮ የምትገዙ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። «0.4 ሚሊ» ሲባል ቀለሙንና ዚንኩን ጨምሮ ነው ወይስ ብረቱ ብቻ? ጥሩ የዚንክ ቅብ በሁለቱም ፊት ተደምሮ 0.04 ሚሊ፣ ቀለሙ ከላይና ከታች 0.035 ሚሊ ያህል ቢሆን፣ ብረቱ 0.325 ብቻ ነው። ቀለም ያምራል፣ ግን ክብደት አይሸከምም።

ከብረቱ ውፍረት በላይ ዕድሜውን የሚወስነው ደግሞ ዚንኩ ነው። ዜድ 275 የሚባለው በአንድ ካሬ በሁለቱ ፊት ተደምሮ 275 ግራም ዚንክ አለው፣ በየፊቱ 20 ማይክሮን ገደማ። ዜድ 100 ደግሞ 7 ማይክሮን ገደማ። ዚንክ ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው፤ በዓመት አንድ ማይክሮን ቢበላ አንደኛው 20 ዓመት፣ ሌላኛው 7 ዓመት ይቆያል ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ሁለቱም እኩል ያብረቀርቃሉ። አሉዚንክ የሚባለው 55 በመቶ አሉሚኒየም ያለበት ቅብ ነው፣ ዝገትን በደንብ ይችላል፤ እርጥብ ሲሚንቶና ኖራ ግን ይበላዋልና ከግድግዳ ልስን ጋር እንዳይነካካ አናጢውን አስጠንቅቁት። ሌላው፣ አዲስ ቆርቆሮ ተደራርቦ ውኃ መሃሉ ከገባ በሳምንታት ውስጥ ነጭ ዝገት ያወጣል። ለመቀየር ገዝታችሁ ጓሮ የምትከምሩ፣ ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ አዘንብሉት፣ ሸፍኑት። ዩኒየኖች መጋዘን ልትቀይሩ አስቀድማችሁ የምትገዙም እንዲሁ።

ሦስተኛው፣ 130 ሺው፣ ውድ ነው ወይስ ርካሽ? አይታወቅም። አንድ መስመር ዋጋ ዋጋ አይደለም። አጎቴ እንዲህ ብለው እንዲጠይቁ ነገርኳቸው፦ ቆርቆሮው ስንት ሚሊ ነው? የጉልላቱ መክደኛ ላሜራ አለበት? አሸንዳውስ? ሚስማሩ ባለ ጎማ ነው? የበሰበሰ ሞራሌ ቢገኝ አንዱን በስንት ይቀይራል? አሮጌው ቆርቆሮ የማን ነው? ይሄ የመጨረሻው ቀላል አይምሰላችሁ። ሰውየው አሮጌውን ለራሱ ሊወስድ ነበር ያሰበው፤ ለቆራሌው የሚሸጥ ወይም ለኩሽና ክዳን የሚሆን ዕቃ ነው። የሞራሌውም ነገር እንዲሁ፦ ክዳኑ ሳይነሳ ምስጥ ምን ያህል እንደበላው ማንም አያውቅም፣ ስለዚህ የአንዱ ዋጋ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ሰውየው ሚሊውን ሊጽፍ አልፈለገም። አጎቴም ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

በነገራችን ላይ የአጎቴ ቤት ያፈሰሰው ቆርቆሮው አርጅቶ ብቻ አልነበረም። የድሮው አናጢ ሚስማሩን ውኃ በሚሄድበት ሸለቆው ላይ ነበር የመታው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሞገደኛ ቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው። ለእጅ ሥራ ስትደራደሩ የቀን ዋጋ ብቻ አትዩ፤ የመታውን አንድ ጣሪያ ሄዳችሁ እዩለት።

ዋጋው ራሱ ከየት ነው የሚመጣው? ቆርቆሮው እዚህ ቢታጠፍም የብረት ጥቅሉና ዚንኩ የሚገቡት በዶላር ነው። ዚንክ ለንደን የብረታ ብረት ገበያ ላይ በቶን ይነገድበታል፤ በፈረንጆቹ 2022 ሚያዝያ ላይ ከ4,500 ዶላር አልፎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በዚያው ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ገደማ ዘለለ፣ በጥቂት ሳምንታትም ከ100 አለፈ። ላኪው ቡናውን በብር ሲመነዝር ደስ ያለው ያው ምንዛሪ ጣሪያውን አስወድዶበታል። ስለዚህ ፕሮፎርማው የሚጸናበትን ቀን እዩ። የሦስት ቀን ከሆነና እናንተ ገንዘቡ በሁለት ሳምንት ነው የሚደርሳችሁ ከሆነ ያ ወረቀት ዋጋ አይደለም። ሁሉም ቡናውን ሸጦ ከዝናብ በፊት ለመክደን ሲሯሯጥ ፈላጊው በአንድ ጊዜ ይበዛል፤ ከቻላችሁ ቀደም በሉ።

አጎቴ ሁለተኛውን ወሰዱ። እዚህ ላይ እኔም አንድ ነገር አልቆጠርኩም ነበር፦ 4.9 ሜትር ቆርቆሮ በትንሽ መኪና አይጫንም። አይሱዙ መከራየት ግድ ሆነና 6,000 ብር ወጣ። 82,320 የነበረው 88,320 ሆነ። ከመጀመሪያው ጋር የነበረው የዋጋ ብልጫ በዚህ ጠፋ ማለት ይቻላል። የ103 ኪሎ የብረት ልዩነቱ ግን ጣሪያው ላይ አለ። አጎቴ ስለ ኪራዩ አሁንም ይወቅሱኛል።

ፕሮፎርማ ያላችሁ የሰዉንና የድርጅቱን ስም ሸፍናችሁ የቤቱን ልክ፣ ሚሊውንና የአሥር ቅጠል ክብደት ጽፋችሁ ላኩልን፣ በኪሎ አስልተን እንመልሳለን። ነገ ጠዋት በተለመደው ሰዓት ሰሊጥ ይዘን እንመጣለን።