ጡንቻው ምን ያህል፣ ምን ዓይነት?

ሥጋ ቤት የለመደ ሰው ቀዩን ከጮማው ለመለየት አንድ እይታ ይበቃዋል። የራሳችንን ጡንቻ ግን ቆዳ ሸፍኖብናል። ጭንን በሜትር ብንለካ የምናውቀው ዙሪያውን ብቻ ነው፤ ጡንቻው ሟሽሾ ስብ ቦታውን ቢይዝ ልኩ ያው ሊሆን ይችላል።

ጡንቻውን ከስቡ ለይቶ ለማየት ከሚረዱት አንዱ በእርግዝና ክትትል የምናውቀው አልትራሳውንድ ነው። ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ወደ ሰውነት ይላካል፤ እንደ ገደል ማሚቶ የሚመለሰው ወደ ምስል ይቀየራል። የራጅ ዓይነት ጨረር ስለሌለው ደጋግሞ መለካት ይቻላል።

ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የፊተኛው የጭን ጡንቻ ነው። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ እግሩን ያላላል፤ በዳሌው አጥንትና በጉልበቱ ሎሚ መካከል ምልክት ተደርጎ ጄል ይቀባል። ምስሉ ላይ ከላይ ቆዳና ስብ፣ ቀጥሎ ጡንቻው፣ ከሥር ደማቅ መስመር የሠራው አጥንት ይታያል። ውፍረቱ ወይም የአግድም ስፋቱ የሚለካው ከዚያ ላይ ነው።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ቀለሙ ነው። ጤናማ ጡንቻ ጠቆር ብሎ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ጣል ጣል ያሉበት ነው። ስብ ወይም ጠባሳ ሲገባበት ይነጣል። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ግን ራሱ ጠቆር ያለ ነው! ታዲያ ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ለምን ያነጣል? ድምፁ የሚመለሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ከሚገናኙበት ወሰን ነው፤ ስብ በጡንቻው መሀል ሲበታተን ወሰኑ ይበዛል፣ ማሚቶውም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1982 ሄክማትና ባልደረቦቹ ይህን ንጣት በአራት ደረጃ ከፈሉት፤ በአራተኛው የአጥንቱ መስመር ጭራሹን ይጠፋል። ዛሬ ኮምፒውተር ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) ይቆጥረዋል።

ለኪው ግን እጁን መቆጣጠር አለበት። መሣሪያውን ከተጫነ ጡንቻው ይሳሳል፤ ካዘነበለው ምስሉ ይጠቁራል። የማሽኑ የብርሃን ማስተካከያ ከተነካማ የትናንቱና የዛሬው ንጣት አይወዳደሩም።

የጥንቃቄው ትርፍ የሚታየው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ 63 ታካሚዎች ሲለኩ የጭናቸው ጡንቻ ስፋት በ10 ቀን ውስጥ በአማካይ 18 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሰውነቱ ውሃ ቋጥሮ ያበጠ ሕመምተኛ አጠገብ የተቀመጠ ቤተሰብ ይህን መክሳት በዓይኑ ሊያየው አይችልም።